ከሊማሊሞ እስከ መተማ ያጀብኩት ታንክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ይመር አራት ዕቃ ሰጡኝ፦ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ እርሳስና ስስ ወረቀት። ጎንደር በሚገኘው የትራንዚት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። «የሻንሲ ቁጥሩን አምጪልኝ» አሉኝ። ሊብሬው ጠረጴዛቸው ላይ ስለነበር ከእሱ ገልብጬ ሰጠኋቸው። አዩትና መለሱልኝ። «ይኼ የወረቀቱ ቁጥር ነው። እኔ የጠየቅሁሽ የብረቱን ነው።»

መኪናው ሥር ገባሁ። ጭቃውን በጥፍሬ ፍቄ ስሱን ወረቀት ብረቱ ላይ ለጠፍኩና እርሳሱን አግድም አሻሸሁበት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። የመጨረሻዋ አኃዝ ሊብሬው ላይ ካለችው ትለያለች። ጋሽ ይመር ወረቀቱን አይተው ፈገግ አላሉም። «ነገ በሁለት ሰዓት ግቢ» አሉኝ። ተቀጥረሻል ማለታቸው ነበር።

ሥራውን ለማታውቁት፣ ትራንዚተር ማለት ዕቃ ከአገር አገር ሲሻገር ወረቀቱን የሚሞላ፣ ዕቃውን ከወረቀቱ ጋር የሚያመሳክርና እስከ ኬላው ድረስ የሚያጅብ ሠራተኛ ነው። በጸሐፊነት ተጀምሮ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ መግለጫ ወደ መሙላት ይታለፋል፤ አጃቢነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አጃቢ ለመሆን አራት ዓመት ፈጀብኝ። በቅርንጫፉ ከእኔ በፊት ሴት አጃቢ አልነበረችም። ሰሊጥ አሳልፌያለሁ፤ ሙጫና ቆዳም አሳልፌያለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የፈረሰ ወፍጮ በሦስት መኪና አጅቤያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ አንድ ጭነት ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን ከሱዳን ጋር ያለው መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ክፍት በነበረበት በአንዱ ወቅት ጋሽ ይመር ቢሮአቸው ጠርተው አንድ ፋይል ሰጡኝ። ሽፋኑ ላይ «ያገለገለ የጦር ዕቃ፣ ብዛት ሦስት» ይላል። ሦስቱም ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ ናቸው፦ አንድ ትንሽ ታንክ፣ አንድ ጎን ላይ መቀመጫ ያለው ሞተር ብስክሌት፣ አንድ የጦር ሜዳ መብራት። ደባርቅ አካባቢ ሜዳና ጓሮ ውስጥ ሲዝጉ የኖሩ ናቸው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልገው ለአንድ ጣሊያናዊ ሰብሳቢ ሸጧቸዋል። በመተማ ወጥተው በፖርት ሱዳን መርከብ ላይ ይጫናሉ።

ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው። ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አለ። ለውጊያ የማይውልና የመትረየሱ ቀዳዳ በብየዳ የተደፈነ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አለ። የአውራጃው አስተዳደር ፈቃድ አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ መልቀቂያም አለ። ሁሉም ተሟልተው ነበር፤ የመጨረሻው ብቻ ቀርቶ ነበር። ገበሬዎቹ አንፈርምም ብለዋል።

ገዢው ሲኞር ካርሎ ይባላል። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ አሥመራ ለብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። ደባርቅ ላይ ተገናኝተን ሊማሊሞ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ አብረን በእግር ወረድን። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ቁራጭ በቁራጭ ይውጠዋል።

ታንኩ ከሁለተኛው ጠመዝማዛ በታች ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚቀመጥበት የብረት ሣጥን ማለት ይቀላል። በሜዳው ላይ ያለውን ሣር ከብት ግጦት አፈሩ ይታያል። ታንኩን ዙሪያውን የከበበው ሣር ግን ጉልበቴ ድረስ አድጓል፤ አንድም ጥርስ አልነካውም።

ሲኞር ካርሎ መሐረቡን አውጥቶ የቁጥሩን ሰሌዳ ጠረገ። «ይህን እኔ ነዳሁት» አለኝ። «ያኔ ልጅ ነበርኩ። ውስጡ በጣም ይሞቃል፤ ድምፅ ደግሞ ብዙ ነው። አሁን ዝም ብሏል።» እጁን ብረቱ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። የላዩ መዝጊያ ዝጎ ተጣብቋል፤ በመዶሻ መታሁት፣ አልተነቃነቀም። ሞተሩ የሚቀመጥበት የኋላው ክፍል ባዶ ነው ተብያለሁ፤ ሞተሩን ብረት ነጋዴ ድሮ ፈትቶ ወስዶታል፤ በሩ በሽቦ ታስሯል። ታንኩ ሁሉ ቀይ ዝገት ሆኖ ሳለ ሽቦው አዲስ ነበር። ባትሪዬን በፊተኛው ማያ ቀዳዳ አስገብቼ አየሁ። የተቀደደ መቀመጫና ጭድ ታየኝ። አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ ሳደርግ የዝገት ሽታ ጠብቄ ነበር። የሸተተኝ የእንጨት ጭስና የጋቢ ሽታ ነው። እረኛ ከዝናብ ይጠለልበት ይሆናል ብዬ በማስታወሻዬ ላይ «ጭድ አለው» ብዬ ጻፍኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ዋርካ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። የሚናገሩላቸው መሪጌታ ጥሩነህ የሚባሉ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

«መሪጌታ፣ ምነው አንፈርምም አላችሁ?» አልኳቸው። «ለእናንተ ምን ይጠቅማችኋል?»

«አይጠቅመንም፣ ልጄ። ግን ባዶ አይደለም። ሰው የሞተበት ነው። ጉም ሲወርድ ያስላል።»

«ማን ነው የሚያስለው?»

«እኛ ምን እናውቃለን? አባቶቻችንም ሰምተውታል፤ እኛም እንሰማዋለን። ከብቶቻችንም ሰምተው ነው የማይጠጉት። እንዳለ ተዉት።»

ሲኞር ካርሎ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እኔ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝን ቀን ቆጥሬ ነው የመጣሁትና ዕቃው እዚህ እንደማይቀር፣ በመኪና ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ እንደሚሄድ አስረዳኋቸው።

መሪጌታ ቀና አሉ። «መተማ ድረስ ብቻ ነው?»

«ኬላውን አልፎ ሱዳን ይገባል።»

«ኬላው ላይ ይከፍቱታል?»

«ጎንደር ላይ ታሽጎ ስለሚሄድ ኬላው ላይ አይከፈትም። ማኅተሙን ብቻ ነው የሚያዩት።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከጎናቸው የተቀመጡትን ሰዎች አላዩም፤ ሰዎቹም እሳቸውን አላዩም። «እስኪ ነገ ኑ» አሉን።

በማግሥቱ ስንመጣ አርባ ያህል ሰው ጠፍርና ግንድ ይዞ ጠበቀን። መልቀቂያው ተፈርሟል። ገመድ መጠቅለያ ያለው የመንገድ ሥራ መኪና ከላይ ሲጎትት፣ እነሱ ከሥር ግንድ እያንከባለሉ ታንኩን እስከ መንገዱ አወጡት። ትላንት አንድም ሰው ሊነካው አልፈለገም ነበር። ዛሬ ግን እንደ ታመመ ሰው ደግፈው፣ አደጋ እንዳያገኘው እየተጠነቀቁ ነው የሚገፉት። ዘፈን የለም፤ የሥራ ጩኸት እንኳ የለም። አርባ ሰው ዝም ብሎ ሲሠራ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ታንኩ ከሞተር ብስክሌቱና ከመብራቱ ጋር ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪናችን ላይ ሲጫን ሹፌራችን አያሌው የታንኩን ፊት ወደ ፊት ሊያደርግ ነበር። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ጀርባውን ወደ ጋቢናው አድርጉት። ፊቱ ወደ ደባርቅ እያየ ይሂድ።» አያሌው ለእሱ ለውጥ ስለሌለው እንዳሉት አደረገ። የኋላው በር ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጣበቀ፤ ያን በር ለማየት ታንኩን ማውረድ ያስፈልጋል።

ሲኞር ካርሎ ተሰናብቶን በአውሮፕላን ካርቱም ሊቀድመን ሄደ። እኛ ሦስት ሆነን ጉዞ ጀመርን፦ እኔ፣ አያሌውና ለጥበቃ የተመደበልን አሥር አለቃ ደምሴ። አሥር አለቃው ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መቀመጫው ከላይ፣ ታንኩ አጠገብ ነበር።

ዳባት ስንደርስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኖ ሳለ ጉሙ መንገዱን ዘጋው። አያሌው መኪናውን ዳር አስያዘ። ሰው ሲያልፍ ኮቴው ይሰማል እንጂ አይታይም። አንድ ፈረስ ከጉሙ ወጥቶ አጠገባችን ቆመና ጆሮውን አቁሞ ወደ ጭነቱ አየ፤ ወዲያው ዞሮ ተመልሶ ገባ። ገመዱ ላልቶ እንደሆነ ለማየት ላይ ወጣሁ።

ብረቱ ሁሉ በጉሙ ጤዛ ተሸፍኗል። በሁሉም በኩል ጠብታው እንደ ላብ ይታያል። በቀኝ ጎኑ ግን የሰው ጀርባ የሚያህል ቦታ ደርቋል። በእጄ መዳፍ ነካሁት። ሞቋል።

እጄን አላነሣሁም። ከብረቱ ወዲያ፣ ከእጄ አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ፣ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰና ሙቀቱ ከመዳፌ ሥር ሸሸ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ አጭር፣ የሽማግሌ የመሰለ ሳል ነው። አሥር አለቃ ደምሴ አማተበ። ደህና የሆነውን ጆሮውን ወደ ታንኩ አዞረ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት።

ጋቢና ተመልሼ ስገባ አያሌው «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለኝ። ብርዱ ነው አልኩት። መንፈስ ነው ብዬ ማመን ይቀለኝ ነበር። እጄ ግን ያወቀውን አውቋል። አዲሱ ሽቦ፣ የጋቢው ሽታ፣ የመሪጌታ ጥያቄ፣ ጀርባውን ወደ ጋቢናው ማለታቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገጣጠመልኝ። በዚያን ጊዜ ስማቸው መንግሥት በሚፈልጋቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ወጥቶ የተሰወሩ ሰዎች ነበሩ። የተያዘው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ያሳለፈውም እንደዚያው ነው። እኔ ደግሞ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችኝ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ጎንደር እስክንደርስ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛው ለጋሽ ይመር መንገር ነው። ሁለተኛው አለመንገር ነው። ሦስተኛ አልነበረም።

በማግሥቱ የጉምሩኩ ፈታሽ ግቢያችን መጣ። የላዩን መዝጊያ ሞከረ፣ አልከፈት አለው። የኋላው በር ከጋቢናው ጋር ተጣብቋል፤ ለማውረድ ደግሞ ክሬን የለንም። በማያ ቀዳዳው አጮልቆ ጨለማ ነው አለ። ጋሽ ይመር ቅጹን ከፊቴ አደረጉ። «ይዘት» የምትል ባዶ መስመር ነበረች።

«ውስጡን አይተሻል?» አሉኝ።

«ደባርቅ ላይ በባትሪ አይቻለሁ።»

«ምን አለው?»

«ጭድ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያ ውሸት ነው። «ባዶ፤ ጥቂት ጭድ ያለው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፈታሹ በላዩ መዝጊያ እጀታ ሽቦ አስገብቶ የእርሳስ ብረት ማኅተሟን በጉጠት ጨፍልቆ አተማት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲመናመን ቁጥሩን እንደገና ላመሳክር ነው ብዬ ላይ ወጣሁ። ዳቦ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ማያ ቀዳዳው ሦስት ጣት ያስገባል። ዳቦውን በዚያ አስገባሁና ጫፉን ያዝኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዳቦው ከጣቶቼ ላይ በቀስታ ተጎተተ። ትንፋሽ አልሰማሁም። ቃል አልሰማሁም። ዳቦው ብቻ ወደ ጨለማው ሄደ። ውኃውን በላስቲክ ቱቦ ነው ያጠጣሁት፤ ቱቦውን የሚስበው አፍ እንዳለ የማውቀው ጠርሙሱ ሲጎድል ብቻ ነው።

ወደ መተማ ሁለት ቀን ሄድን። ጭልጋን አልፈን ቆላው ውስጥ ስንገባ ብርዱ ቀረ፤ ሌላ ጭንቀት መጣ። ዳባት ላይ በብርዱ መሀል የሞቀውን ብረት ነክቼ ፈርቼ ነበር። አሁን ብረቱ ሁሉ ይፋጃል፤ ሕይወት ያለበትንና የሌለበትን መለየት አልቻልኩም። በየማረፊያው እወጣና በጠመኔ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ቀስ ብዬ አንኳኳለሁ። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ይመለስልኛል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰ።

መተማ ስንደርስ ወደ አምስት ሰዓት ሆኗል። የኬላው ሹም ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጥላ የለም። መኪናው ከኬላው ፊት ለፊት፣ ሜዳ ላይ ቆመ። ፀሐዩ ብረቱን ሲያግለው አየሩ ከላዩ ይንቀጠቀጣል። አንኳኳሁ። አልተመለሰም።

ከኬላው ጀርባ ጉድጓድ ነበር። ባዶ ጆንያዎች ለመንኩና በውኃ ነክሬ ታንኩን ማልበስ ጀመርኩ። አንዱ ጠባቂ ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። «ባለቤቱ ቀለሙ እንዳይላጥ ብሏል» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረውማ። በባልዲ አራተኛውን ስሸከም እጄ ከዳኝ፤ ባልዲው መሬት ላይ ተደፋ።

አሥር አለቃ ደምሴ ጠመንጃውን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ባልዲውን ከእጄ ወሰደ። ሞልቶ አመጣና ጆንያው ላይ አፈሰሰ። እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ግማሹን በማያ ቀዳዳው በኩል አፈሰሰ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማያፈስ ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

«አሥር አለቃ» አልኩት።

«ለብረቱ ነው፣ እቴ» አለኝ። «ብረትም ይጠማል።»

ሹሙ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ጠና ያለ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ነው። ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበ። ሞተር ብስክሌቱን አየ፣ መብራቱን አየ። ከዚያ «ይህን ክፈቱት» አለ።

ሥራዬን ማወቄ ብቻ ነው ያቆመኝ። «ጓድ፣ የጎንደር ማኅተም አለበት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ያልተነካ ማኅተም ከተሰበረ ምክንያቱን እርስዎ በሪፖርት ይጽፋሉ፤ ዕቃው ከሪፖርቱ ጋር ወደ ጎንደር ይመለሳል። መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው።»

«መመሪያውን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም፣ ጓድ። ያውቁታል ብዬ ነው።»

ወደ አሥር አለቃው ዞረ። «አንተስ? ውስጡ ምን አለ?»

«አራት ቀን አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ ጓድ» አለ ደምሴ። «አገሬው ሰው ሞቶበታል ይላል። ሳሉን እኔም ሰምቻለሁ። የሚከፈት ከሆነ ግን ይፍቀዱልኝና ራቅ ልበል።»

ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ወደ ኋላው ሄደ። ሹሙ መኪናው ላይ ወጣ፤ እርጥቡን ጆንያ ገለጠና እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጆሮውን አስጠጋ። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየ አላውቅም። እኔ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። ሲወርድ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ፈረመ፤ ማኅተሙንም መታ። «ቶሎ አሻግሩት» አለ። «ቶሎ» ያላት ቃል እስከ ዛሬ ትመላለስብኛለች።

ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ማዶ የሱዳኑ የጭነት መኪና የአፈር መደብ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። የነሱ ጉምሩክ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ሻይ ሊጠጣ ገባ። አያሌው ኤንትሬውን መደቡ ጋ አስጠጋ፤ ሠራተኞቹ ታንኩን በግንድ አንሸራተው አወረዱት። የኋላው በር ሲገለጥ ሠራተኞቹን ሞተር ብስክሌቱን እንዲያወርዱ ላክኋቸው። ሽቦውን በጉጠት ቆረጥኩት።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው እጅ ነው፤ ጣቶቹ ዓይነ ስውር እንደሚዳብስ መሬቱን ዳበሱ። ከዚያ ሰውየው ወጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ጢሙ አድጓል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑን በክንዱ ሸፍኖ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ተሻገርን?» አለኝ።

«ተሻግረሃል።»

ውኃ ሰጠሁት። ቀስ እያለ ጠጣ። ዳባት አስተማሪ እንደነበር፣ ሰባት ወር ማታ ዋሻ ቀን ታንኩ ውስጥ እንደኖረ፣ መሪጌታ ጥሩነህ አባቱ መሆናቸውን በአጭር በአጭሩ ነገረኝ። ስሙን እንዳይነግረኝ ለመንኩት።

«ዳባት ላይ ስትስል ሰምቼህ ልቤ ቆሞ ነበር» አልኩት።

ክንዱን ከዓይኑ ላይ አነሣና አየኝ። «እኔ አልሳልኩም» አለ። «ሰባት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ አልሳልኩም። ሳል ሲመጣብኝ ጋቢዬን ነክሼ ነው የማሳልፈው። የሰማሽው እኔ ከመምጣቴ በፊትም የነበረውን ነው። ከጎኔ ካለው መቀመጫ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ፈራሁት። በኋላ ግን ብቻዬን ስላልሆንኩ ደስ ይለኝ ጀመር።»

አያሌው በኋላ ስነግረው ብረት ሲቀዘቅዝ ሲሰበሰብ ይጮኻል አለኝ። ይሆናል። እኔ ብዙ ብረት ሲቀዘቅዝ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አልሰማሁም።

ሰውየው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልቻለም። በሦስተኛው አሥር አለቃ ደምሴ ብብቱን ይዞ አቆመው። የሰሊጥ ጆንያ በተከመረበት በኩል እየተንገዳገደ ሄደና ከተሸካሚዎቹ ጋር ተቀላቀለ። እኔ በሩን መልሼ በሽቦ አሰርኩት። ሽቦው ጣቴን ቆረጠኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሲኞር ካርሎ ደብዳቤ መጣ። ዕቃዎቹ በደህና ደርሰዋል፤ ታንኩ ውስጥ ግን በዝርዝሩ ላይ የሌለ አንድ ቅልና አንድ አሮጌ ጋቢ ስለተገኘ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። መልሰን እንላከው ወይ ይላል። ጋሽ ይመር ደብዳቤውን ከፊቴ አስቀመጡ።

«ይህ ቅል ከየት መጣ?»

«ገበሬዎቹ የረሱት ይሆናል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አሥር ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ዓይናቸውን ያለ መነጽር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ብረቱን ራስሽ ነክተሽዋል?» አሉኝ።

«ነክቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ፋይሉን ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት።

በዚያው ዓመት ለሌላ ሥራ ደባርቅ ሄጄ መሪጌታን የገበያው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰው ይመላለሳል፤ የቀበሌ ጠባቂም አጠገባችን ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ወዲያው አወቁኝ።

«ያ ብረት፣ ልጄ፣ በደህና ገባ?»

«በደህና ገብቷል፣ መሪጌታ።»

«መንገዱ አልጎዳውም?»

«ትንሽ ጎድቶታል። ግን ቆሞ ነው የሄደው።»

ሽማግሌው የመቋሚያቸውን ጫፍ መሬቱ ላይ ተከሉና ሁለት እጃቸውን ደራርበው ግንባራቸውን አስደገፉበት። ሲያዩዋቸው የደከማቸው ይመስላሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ይክበር ይመስገን» አሉ። «አንቺንም አምላክ አይርሳሽ።» መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ሥራው ላይ ያላችሁት ልጆች ቅጹን በኮምፒውተር ትሞላላችሁ፤ ዕቃውን ሳታዩት የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። «ይዘት» የምትለውን መስመር ከመሙላታችሁ በፊት ዕቃውን በባዶ እጃችሁ ንኩት። ያን ጊዜ የምትፈርሙት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔ አውቄ ነው የፈረምኩት።